መርከብ ያላዘዙት አድሚራል፤ የግሬስ ሆፐር የሥራ ዘመን

የባሕር ኀይል ከፍተኛ መኮንን ሲባል በሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በጦር መርከብ ማዘዣ ላይ ቆሞ፣ ዐይኑን ከአድማስ ላይ ተክሎ፣ ማዕበልንና ጠላትን የሚጠባበቅ ሰው ነው። የኢትዮጵያ አንባቢም ይህን ሥዕል ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። ምጽዋን መደቡ አድርጎ የነበረው የባሕር ኀይል ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ ይህችም ቀድሞ በአሜሪካ የባሕር ኀይል ውስጥ «ኦርካ» ተብላ ያገለገለችና በ1962 ለኢትዮጵያ የተሰጠች ናት። የመኮንን ማዕረግ በባሕር ላይ በተቈጠረ ዘመን እንደሚገኝ፣ አድሚራልነትም የዚህ ሁሉ መደምደሚያ እንደ ሆነ የሚታመነው በዚህ ዐይነቱ ትዝታ ነው።

በዚያችው «ኦርካ»ን በሰጠችው አገር የባሕር ኀይል መዝገብ ውስጥ ግን ከዚህ ሥዕል ጋር የማይገጥሙ አንዲት አድሚራል አሉ። እኒህ ሴት በሥራ ዘመናቸው አንድም መርከብ አላዘዙም፤ በጦር መርከብ ላይም ተመድበው አላገለገሉም። ይሁን እንጂ ነሐሴ 8 ቀን 1978 ዓ.ም. በቦስተን ወደብ፣ በ1797 ወደ ባሕር በወረደችው «ኮንስቲቲዩሽን» በተባለችው ጥንታዊት የጦር መርከብ ላይ በክብር ሲሰናበቱ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሥራ ላይ ካሉት መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እርሳቸው ነበሩ። ዕድሜያቸውም 79 ዓመት ከስምንት ወር ነበር። ስማቸው ግሬስ መሪ ሆፐር ይባላል።

ታሪካቸው ለመሐንዲስና ለማንኛውም ባለሙያ የሚጠቅመው በማዕረጉ ከፍታ ብቻ አይደለም። ሆፐር በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ከተቋም ደንብ ጋር ተጋፍጠዋል፤ ደንቡ የሚመዝነው ክብደትንና ዕድሜን እንጂ ዕውቀትን አልነበረም። በሥራቸው ደግሞ ከአንድ ሌላ ግትር ነገር ጋር ታግለዋል፤ ይኸውም ሰው ሁሉ በእርሱ ቋንቋ እንዲናገር ያስገድድ የነበረው የሒሳብ መኪና ነው። በሁለቱም ዘንድ ጥያቄው አንድ ነበር። ሰው ለደንቡና ለመሣሪያው ይስማማን? ወይስ ደንቡና መሣሪያው ለሰው ይስማሙ? በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ግሬስ መሪ የተወለዱት በኒው ዮርክ ከተማ ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን ዲሴምበር 9 ቀን 1906 መሆኑ ነው። ቅድመ አያታቸው የባሕር ኀይል አድሚራል ነበሩ። እናታቸው ሒሳብን እጅግ ይወዱ ነበር፤ ነገር ግን በዘመኑ ልማድ ለሴት ልጅ የተፈቀደላቸው ጂኦሜትሪ ብቻ በመሆኑ ከዚያ አላለፉም። አባታቸው የኢንሹራንስ ሥራ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ሴቶች ልጆቻቸው ከወንድ ልጃቸው እኩል እንዲማሩ አጥብቀው ይሹ ነበር። ግሬስ በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብለው አንዱን ፈቱ፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ሁለተኛውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ በቤቱ ያሉትን ሰባት ሰዓቶች በታተኑ። እናታቸውም ነገሩን ሲደርሱበት አልከለከሏቸውም፤ ከዚያ ወዲያ በአንዲት ሰዓት ብቻ እንዲወሰኑ አዘዟቸው እንጂ።

ወደ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት በ16 ዓመታቸው ቢያመለክቱ በላቲን ፈተና ወደቁ። አንድ ዓመት ቈይተው ገቡ። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመርቀው ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ፤ በ1930 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1934 በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1930 የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩትን ቪንሰንት ሆፐርን አገቡ፤ ትዳሩ በ1945 ቢፈርስም ስማቸው ሆፐር እንደ ሆነ ቀረ። ከ1931 ጀምሮም በቫሳር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር።

በሴት ላይ የተዘጋ የትምህርት ደጅ በአንድ አገር ብቻ የነበረ አይደለም። በጎጃም የቅኔ ቤት የወንዶች ጉባኤ ሆኖ በኖረበት ዘመን፣ በጽላሎ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ከመምህሩ ቅኔን ተምረው፣ በኋላም በመምህርነት ወንበር ተቀምጠው ተማሪ አፍርተዋል። የሁለቱ ሴቶች ዓለም የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ቤት ደጁን መጀመሪያ የከፈተው አባት ነበር። ልዩነቱ ከደጁ በኋላ የሚመጣው ተቋም ነው፤ የሆፐር ታሪክም ከዚህ ላይ ከተቋም ጋር ይጋጠማል።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ሲመቱ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ገባች። ጁላይ 30 ቀን 1942 በወጣው ሕግ የባሕር ኀይሉ ሴቶችን በተጠባባቂነት እንዲቀበል ተፈቀደለት፤ ሴቶቹም «ዌቭስ» በተባለው ክፍል ታቀፉ። ሆፐር ለመግባት ሲያመለክቱ ሦስት እንቅፋት ገጠማቸው። አንደኛው ዕድሜ ነው፤ ከ35 ዓመት አልፈዋልና ደንቡ አረጋውያን ከሚላቸው ወገን ተቈጠሩ። ሁለተኛው ክብደት ነው፤ ለቁመታቸው ከተወሰነው ዝቅተኛ ክብደት ሰባት ኪሎ ያህል ይጐድሉ ነበር። ሦስተኛው ሙያቸው ራሱ ነው፤ የሒሳብ መምህርነት ለአገር አስፈላጊ ከተባሉት ሥራዎች አንዱ ስለ ነበር ያለ ልዩ ፈቃድ ትቶ መሄድ አይቻልም ነበር። ሆፐር ግን አልተመለሱም። ለክብደቱም፣ ለዕድሜውም፣ ለሙያውም ፈቃድ ጠይቀው በዲሴምበር 1943 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በ1944 በኖርዝሃምፕተን ከነበረው የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ወጡ።

እንግዲህ የባሕር ኀይሉ ይህችን የሒሳብ ሊቅ ወደ መርከብ ሊልክ አይችልም ነበር፤ ሕጉ አይፈቅድምና። የተላኩት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ኮማንደር ሃዋርድ ኤይከን የሚመሩትና የባሕር ኀይሉ የሚጠቀምበት «ማርክ አንድ» የተባለ የሒሳብ መኪና ቆሞ ነበር። ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ሲሆን፣ ከ750,000 በላይ ክፍሎች ነበሩት። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ድምር ይሠራል፤ አንድ ማካፈል ግን 15 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ በሕፃን እጅ ያለ ስልክ ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይገባውም፤ በጊዜው ግን ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች በእጅ የሚሠሩትን ሥራ ሌሊትና ቀን ሳይደክም የሚሠራ ድንቅ መሣሪያ ነበር።

ሆፐር በጁላይ 1944 ለኤይከን ሪፖርት ሲያደርጉ የተቀበላቸው የእንኳን ደኅና መጣሽ ንግግር አልነበረም። ኤይከን እስከ አሁን የት ቈየሽ በሚል ቃል ተቀብለው መኪናውን አሳዩአቸውና፣ እስከሚመጣው ሳምንት ድረስ አንድ የሒሳብ ሰንጠረዥ እስከ 23 አኃዝ ጥራት እንዲያሰሉ አዘዟቸው። ለመኪናው ትእዛዝ የሚሰጠው በወረቀት ጥብጣብ ላይ ቀዳዳ በመብሳት ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ እርምጃ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ከቦታዋ ከተሳሳተች ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል። ሆፐር ይህን ቋንቋ ተማሩ፤ ለሌሎችም መማሪያ ይሆን ዘንድ በ1946 የታተመውን የ561 ገጽ መመሪያ በአመዛኙ ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው።

በዚያ ክፍል የተሰላው ሁሉ የዋህ ሥራ አልነበረም። የመድፍ መተኰሻ ሰንጠረዦች ተሰልተዋል፤ ስለ ባሕር ፈንጂ የሚመለከቱ ስሌቶች ተሠርተዋል። በ1944 የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን አንድ ከባድ ስሌት ይዘው መጥተው ከሆፐርና ከባልደረቦቻቸው ጋር በማርክ አንድ ላይ ሠሩት። ስሌቱ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ የፍንዳታ ኀይል ነበር፤ ለምን እንደሚውል ግን ለሠራተኞቹ አልተነገራቸውም። ኦገስት 9 ቀን 1945 በናጋሳኪ ላይ የተጣለው ቦምብ የተሠራው በዚህ ዐይነቱ ዘዴ ነው። የሙያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊያልፈው አይገባም። ቁጥር በራሱ ንጹሕ ቢሆንም፣ የሚያዝዘው ሰው ዓላማ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይሄዳልና።

ስለ ሆፐር ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ እርሱም ትንሽ እርማት ይሻል። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የማርክ አንድ ተከታይ የሆነው ማርክ ሁለት ሥራው ተቋርጦ ሲመረመር፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ውስጥ የእሳት እራት ተቀርቅራ ተገኘች። ሠራተኞቹ በመዝገቡ ገጽ ላይ ለጥፈው በእውነት የተገኘች የመጀመሪያዋ «ተባይ» መሆኗን ጻፉባት። መሐንዲሶች የመሣሪያን ብልሽት «ተባይ» ማለት የጀመሩት ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ ቀልዱም ከዚህ የመጣ ነው። የእሳት እራቷን ያገኙት ሆፐር ራሳቸው አልነበሩም፤ ታሪኩን ግን እንደ እርሳቸው አድርጎ ያዳረሰው የለም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሆፐር በመደበኛው የባሕር ኀይል ውስጥ ለመቀጠል ቢጠይቁ በዕድሜ ምክንያት ተከለከሉ፤ የደንቡ ጣሪያ 38 ዓመት ሲሆን እርሳቸው 40 ሊሞሉ ቀርበው ነበር። በተጠባባቂነት ማዕረጋቸውን እንደ ያዙ እስከ 1949 በሃርቫርድ ምርምር ቈዩ፤ ከዚያም ወደ ፊላደልፊያ ተሻግረው «ዩኒቫክ»ን ይሠራ በነበረው በኤከርትና በሞክሊ ኩባንያ ተቀጠሩ። ኩባንያውን በ1950 ሬሚንግተን ራንድ ገዛው፤ በ1951ም የመጀመሪያው ዩኒቫክ ለአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የሆፐር ትልቁ ሥራ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መኪናው የሚገባውን የቁጥር ትእዛዝ አንድ በአንድ ይጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ የተጻፈ ጠቃሚ ክፍል ለሌላ ሥራ ሲያስፈልግ ሰው እንደገና በእጁ ይገለብጠዋል፤ አድራሻዎቹንም ሁሉ ደምሮ ያስተካክላል። ሆፐር ሰው ሲገለብጥና ሲደምር እንደሚሳሳት፣ መኪናው ግን ለመገልበጥና ለመደመር የተሠራ እንደ ሆነ አስተዋሉ። ስለዚህ የክፍሎቹን ስም ብቻ ተቀብሎ፣ ክፍሎቹን ከመዝገብ አውጥቶ፣ አጠናቅሮና አስማምቶ ሙሉ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሌላ ፕሮግራም ጻፉ። ይህም «ኤ ዜሮ» ተባለ፤ በ1952 ስለዚሁ ጉዳይ ያቀረቡት ጥናት ስለ ኮምፒዩተር «ትምህርት» የሚናገር ነበር። የዛሬ ባለሙያ ኤ ዜሮን ቢመረምር ሙሉ ኮምፓይለር ከሚለው ይልቅ ክፍሎችን የሚያገናኝ ፕሮግራም ቢለው አይሳሳትም። ሐሳቡ ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ የሚሸከም መሠረት ነበር። የሚሠራ ኮምፓይለር በእጃቸው እያለ የሚነካው ሰው አለመገኘቱን ሆፐር ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ ኮምፒዩተር ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም ተብሎ ይታመን ነበርና።

ከዚህም አልፈው ሄዱ። የሒሳብ ሰው በምልክት ይጻፍ፤ የንግድና የደመወዝ ሥራ የሚሠራው ሰው ግን ምልክት ሳይሆን ቃል ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ በቃል ይዘዝ አሉ። የሚሠሩበት ኩባንያ አለቆች ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አያውቅም ብለው መለሱላቸው። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ግን እስከ 1956 መጨረሻ ድረስ ዩኒቫክ 20 ያህል የእንግሊዝኛ ትእዛዞችን እንዲቀበል አደረጉት። ይህ ሥራ በኋላ «ፍሎው ማቲክ» ተባለ።

ሐሳባቸውን ለአለቆቻቸው ሊያስረዱ ሲሞክሩ የሆነው ነገር በተለይ ለአማርኛ አንባቢ ትርጕም አለው። ለመኪናው ቃሉ ምልክት ብቻ ስለ ሆነ እንግሊዝኛውን በሌላ ቋንቋ መተካት ይቻላል ብለው፣ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ትእዛዞች ጽፈው አሳዩ። አለቆቹም ተደናገጡ፤ በፊላደልፊያ የተሠራ አሜሪካዊ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊገባው እንደማይችል ግልጽ ነበር። ሆፐር ለእንግሊዝኛው ብቻ እንደሚሠሩ ቃል እስኪገቡ ድረስ ነገሩ አልበረደም።

በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰማ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ኖሮ የክርክሩን ፍሬ ከሁሉ ቀድሞ በተረዳው ነበር። የግእዝ ፊደል ከ200 በላይ ቅርጾች አሉት፤ የጽሕፈት መኪናው ግን የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚሁ ጋር ነበር። ፊደልን ለመኪናው ሲባል መቀነስ ይሻላል የሚሉ ነበሩ፤ መኪናው ለፊደሉ ይታዘዝ የሚሉም ነበሩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በኮምፒዩተር ላይ ለአማርኛ የሚሆን ዘዴ አበጁ፤ በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ደረጃም የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ አገኘ። ሆፐር የአማርኛን ጉዳይ አላነሡም። ነገር ግን በፊላደልፊያ ያሸነፈው መርሕና በፊደላችን ላይ ያሸነፈው መርሕ አንድ ነው፤ መሣሪያው ወደ ሰው ቋንቋ ይምጣ እንጂ ሰው ቋንቋውን ለመሣሪያው አይቈራርጥ።

እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን ቋንቋ ሲያወጣ ሌላ ችግር መጣ። ለአንዱ መኪና የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው እንደ ባዕድ ሆነ። በ1959 ሜሪ ሆውስ የተባሉ ባለሙያ ለሁሉም መኪና የሚሆን የጋራ የንግድ ቋንቋ ያስፈልጋል ብለው ተነሡ፤ በአፕሪል በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሜይ ደግሞ በመከላከያ ሚኒስቴር ስብሰባ ተደረገ። ከዚህም «ኮቦል» ተወለደ። ሆፐር ብዙ ጊዜ «የኮቦል እናት» ይባላሉ፤ ቋንቋውን በዝርዝር ያረቀቀው ግን ጂን ሳሜትን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ ነው። የሆፐር ድርሻ ሁለት ነው፤ የቋንቋው ዋና መነሻ የሆነው የእርሳቸው ፍሎው ማቲክ ነው፤ እርሳቸውም የበላይ ኮሚቴው የቴክኒክ አማካሪ ነበሩ። በዲሴምበር 1960 አንድ ፕሮግራም ያለ ብዙ ለውጥ በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ ሠራ፤ የጋራ ቋንቋ ሊኖር እንደሚችልም ታየ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሆፐር የባሕር ኀይል ተጠባባቂ መኮንን ነበሩ። ኮማንደር ሆነው ሳሉ በ1966 አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው በአገልግሎት 23 ዓመት መቈየታቸውንና ይህም ከተወሰነው 20 ዓመት እንደሚበልጥ ያስታውቅ ነበር። ዲሴምበር 31 ቀን 1966 በጡረታ ተሰናበቱ፤ ይህንንም ቀን በሕይወታቸው እጅግ ያዘኑበት ቀን ብለውታል። ደንቡ አሁንም ቈጠረ፤ አስቀድሞ ኪሎን፣ አሁን ዓመትን።

ሰባት ወር ሳይሞላ ግን ደንቡ ራሱ ወደ ደጃቸው መጣ። የባሕር ኀይሉ የደመወዝና የግምጃ ቤት ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ የኮቦል ዘዬ ተጽፈው እርስ በርስ አልግባባ ብለው ነበር። ሆፐር በኦገስት 1967 በ60 ዓመታቸው ለስድስት ወር ተጠርተው ወደ ሥራ ተመለሱ። ስድስቱ ወር ወሰን የሌለው ሆነ። በ1971 እንደገና ጡረታ ወጡ፤ በ1972 እንደገና ተጠሩ። በባሕር ኀይሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ክፍል ኀላፊ ሆነው እስከ 1977 ሠሩ። ኮምፓይለር ሁሉ ሕጉን መጠበቁ የሚፈተንበትን የሙከራ ፕሮግራም ክፍላቸው አዘጋጀ፤ ይህም በኋላ ለመንግሥት ግዢ ሁሉ መመዘኛ ለሆነው አሠራር መሠረት ጣለ። በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ልዩ ሹመት ኮሞዶር ሆኑ፤ በ1985 የማዕረጉ ስያሜ ሲለወጥ ሬር አድሚራል ተባሉ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ያለ ማጋነን ማስቀመጥ ይገባል። ሆፐር በአሜሪካ የባሕር ኀይል የመጀመሪያዋ ሴት አድሚራል አይደሉም፤ በ1972 ያንን ማዕረግ ያገኙት የነርሶች ክፍል ኀላፊ አሊን ደርክ ናቸው። በ1948 የወጣው ሕግ ሴቶችን በመደበኛው ጦር ቢቀበልም ቁጥራቸውን ከመቶ ሁለት እንዳያልፍ ወስኖ፣ በጦር መርከብም እንዳያገለግሉ ከልክሎ ነበር፤ በጦር መርከብ የማገልገሉ ክልከላ የተነሣው በ1993 ሆፐር ካረፉ በኋላ ነው። ለሆፐር የተከፈተው የጎን በር ነበር፤ እርሳቸውም በዚያ በር ገብተው ከዋናው አዳራሽ ደረሱ። በዋናው በር የገቡት ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ናቸው። በአፕሪል 2009 ከሶማሊያ የባሕር ዳርቻ ማዶ በባሕር ወንበዴዎች የተያዘውን የጭነት መርከብ ካፒቴን ያስመለሰውን የባሕር ግብረ ኀይል የመሩት ሚሼል ሃዋርድ የተባሉ ሴት አድሚራል ናቸው፤ በ2014ም በአሜሪካ የባሕር ኀይል ባለ አራት ኮከብ የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

አድሚራል ሆፐር በእርጅናቸው ከሁሉ በላይ የሚታወቁት በማስተማር ነው። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ሰዓቱ ልክ ጊዜውን ይናገራል፤ የተለወጠው ልማዱ ብቻ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ስንሠራ ኖረናል የሚለውን ምክንያት ከቃላት ሁሉ የከፋ አደገኛ ቃል ያደርጉት ነበር። በየጉባኤው ሲናገሩም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች ሽቦ ለአድማጩ ያድሉ ነበር፤ ከስንዝር የምትበልጥ፣ ከክንድ የምታንስ ናት። ይህች ሽቦ አንድ ሴኮንድ ለሺህ ሚሊዮን ተከፍሎ በአንዲቱ እጅ ጊዜ ውስጥ ብርሃን የሚሄደውን ርቀት ታሳያለች። ቀጥለውም 300 ሜትር ያህል የሆነ የሽቦ ጥቅል ያነሡና ይህ ደግሞ የአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው ይላሉ፤ ፕሮግራም አድራጊ ሁሉ ምን እንደሚጥል ያውቅ ዘንድ ጥቅሉን በአንገቱ ላይ ማንጠልጠል ነበር ይሉም ነበር። በዚሁ ስሌት ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብርሃን በአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ዛሬ በየጁቤ ወይም በሞጣ ከተማ በባንክ መስኮት ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» የተባለ ደንበኛ፣ የሚጠብቀው ጊዜ የመንገዱ ርዝመት እንዳልሆነ ከዚህች ሽቦ ሊማር ይችላል፤ ጊዜውን የሚበላው የሰው አሠራር ነው።

ሌላው ምሳሌያቸው ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም ያለ ትርጓሜ የሚገባ ነው። መሥሪያ ቤቶች ሥራ ሲበዛባቸው ከቀድሞው የገዘፈ አንድ ኮምፒዩተር ለመግዛት ሲሯሯጡ ሆፐር ይቃወሙ ነበር። የጥንት ሰዎች አንድ በሬ ግንዱን መጐተት ቢያቅተው የገዘፈ በሬ ለማሳደግ አልደከሙም፤ ሁለተኛ በሬ ጨመሩ እንጂ፤ እኛም ትልቅ ኮምፒዩተር ሳይሆን ተባብረው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ያስፈልጉናል ይሉ ነበር። የቢቸና ገበሬ ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር ማየት አያስፈልገውም። አንድ በሬ ያለው ሰው በሬውን እስኪገዝፍ አይጠብቅም፤ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ በተራ ያርሳሉ። ዛሬ የዓለምን መረጃ የሚያስተናግዱት ታላላቅ ማዕከሎች በሺህ የሚቈጠሩ ተራ ኮምፒዩተሮችን አስተባብረው የሚሠሩ ናቸው፤ በሌላ አነጋገር መቀናጆው አሸንፏል።

የአንድ ባለሙያ ሥራ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የሚታየው ከተሰናበተ በኋላ ነው። ሆፐር ከባሕር ኀይል ከወጡ በኋላ «ዲጂታል ኢኲፕመንት» በተባለ የኮምፒዩተር ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሠሩ፤ በ1991 ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳይ ተሸለሙ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው አርፈው በአርሊንግተን የጀግኖች መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ። በ1997 በስማቸው የተሰየመች «ሆፐር» የተባለች የጦር መርከብ ወደ አገልግሎት ገባች፤ በሕይወት ሳሉ መርከብ ያልተመደበላቸው ሴት፣ ካረፉ በኋላ ስማቸው በመርከብ ላይ ተጻፈ። በ2016 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት የሆነው የነጻነት ሜዳይ ተሰጣቸው። ከሽልማቱ ይልቅ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነገር ነው። በአፕሪል 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች በኒው ጀርሲ ለድጐማ ሲጐርፉ የመንግሥቱ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጭነቱን መሸከም አቃታቸው፤ አገረ ገዥውም በአደባባይ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲመጡ ለመኑ። ከ60 ዓመት በፊት የተወለደ ቋንቋ ገና ደመወዝና ድጐማ ይከፍል ነበር፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን በጡረታ ተሰናብተው ነበር።

የሆፐር ታሪክ የሚጠይቀው ጥያቄም በዚሁ ላይ ነው። ደንብ አስፈላጊ ነው፤ ያለ ደንብ ጦርም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ማኅበርም አይቆምም። ነገር ግን በ1943 ሰባት ኪሎ ጐደለ ብሎ ይህችን ሴት የመለሰ ሹም ቢኖር ኖሮ፣ በ1967ም ጡረታ የወጣ ሰው አይጠራም ያለ ቢኖር ኖሮ፣ ደንቡን በታማኝነት በጠበቀ ነበር፤ የጠፋውንም ሳያውቅ በኖረ ነበር። ደንብ የሚያስቀረውን ሰው አይመዘግብምና። የባሕር ኀይሉ ብልኅነት ደንቡን መሻሩ ሳይሆን፣ በደንቡ ላይ ፈቃድ የሚሰጥ ቦታ መተዉ ነበር፤ በዚያችም ጠባብ ቦታ አንዲት መምህር ገብተው ከ42 ዓመት በላይ አገለገሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ የማመልከቻ ቅጽ የሚያዘጋጁ፣ የዕድሜ ጣሪያ የሚወስኑ፣ ፕሮግራም የሚጽፉና መሣሪያ የሚገዙ ሰዎች ሁሉ ይህችኑ ጠባብ ቦታ በእጃቸው ይዘዋል። ቅጹ ከሰውዬው ጋር ባልገጠመ ጊዜ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ቅጹ ነው።